ልማድን የሚያጸናው ዋጋ



ሰው ልማዱን ሁሉ አስቦና መርጦ የያዘው ይመስለዋል። ነገር ግን ብዙው ልማዳችን የጸናው ከሥራው በኋላ ወዲያው ባገኘነው ዋጋ ነው። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በአይጥ መርምሮ አስረድቷል። በሣጥን ውስጥ ያለች የተራበች አይጥ ትንሽ ዘንግ በተጫነች ቍጥር ምግብ ብታገኝ መጫኗን ታዘወትራለች፤ ምግቡ ጨርሶ ቢቀር ቀስ በቀስ ትተወዋለች። ምግቡ አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣላት ከነበረ ግን፥ ከቀረም በኋላ ሳትታክት ብዙ ጊዜ ትጫናለች።

ሰው ሕሊናና ነጻ ፈቃድ ያለው ፍጡር ነው፤ ቢሆንም ይህ ነገር እርሱንም ይነካዋል። ምሳሌውን ከላሊበላ እንውሰድ። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸውና፥ ለገና ከሚመጣው ተሳላሚ ሌላ የባሕር ማዶ ጎብኚም ይመጣል። አንድ ሕፃን እንግዳውን ተከትሎ ብዕር ወይም ገንዘብ ይለምናል። ቢሰጠው፥ በማግሥቱ መኪና የሚቆምበትን ስፍራ ይለያል፤ ቀጥሎ ከእንግዳው ቋንቋ ጥቂት ቃል ይይዛል፤ ፊቱን ማሳዘን ይማራል፤ በመጨረሻም የትምህርቱን ሰዓት ይተዋል። ይህን ሁሉ ማንም ተቀምጦ አላስተማረውም፤ በፍጻሜው የሚገኘው ገንዘብ ግን አንዱን ከሌላው ጋር አያያዘው። ዐሥር ሰው ከልክሎት ዐሥራ አንደኛው ቢሰጠው ልማዱ ይብስ ይጸናል እንጂ አይላላም፤ የሚቀጥለውን ተስፋ ማድረግ ተምሯልና።

ታዲያ ምጽዋት ይቅርን? አይሁን። የቆሎ ተማሪን አስቡ። እርሱም አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ እየተከላከለ፥ በየደጁ ይለምናል። የላስታ ባላገር የሚሰጠው ቁራሽ ግን ወደ ጉባኤው ይመልሰዋል፤ ከፊደል ወደ ዳዊት፥ ከዳዊት ወደ ዜማና ቅኔ የሚያደርሰው ያ ቁራሽ ነው። ሁለቱም ለመኑ፥ ሁለቱም ተቀበሉ፤ ነገር ግን ስጦታው አንዱን ከትምህርት አራቀ፥ ሌላውን በትምህርት አጸና።

ስለዚህ ስጦታችሁን አታጉድሉ፤ ምን እንደሚያጸና ግን መርምሩ። ድኻ ልጅ መርዳት የወደደ በወላጁ ወይም በትምህርት ቤቱ በኩል ይርዳው። እናንተም ወላጆች፥ የከለከላችሁትን ነገር ጩኸቱ ሲበረታ ብትሰጡት፥ ያስተማራችሁት መጮኽን ነው። መስጠት ሲቆም ጩኸቱ በመጀመሪያ ሊብስ እንደሚችል ዐውቃችሁ ታገሡ። በጎ ሲሠራ ግን ወዲያው አመስግኑት፤ ምስጋና ከዘገየ ሕፃኑ ለየትኛው ሥራ እንደ ሆነ አይለይምና።

የእጃችንን ስጦታ በጎውን የሚያጸና ያድርግልን፤ ወስብሐት ለእግዚአብሔር።