ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ በትንሽ ወጪ ስለ መደወል

በዚህ በክፍላችን ቡሌቲን ላይ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ክትባት፣ ስለ ወባ፣ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ግን ስለ ስልክ ነው። «የጤና ተማሪ ስለ ስልክ ሒሳብ ምን አገባው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ፀዳ ውስጥ ቤት ተከራይቼ በምኖርበት ሰፈር ከጎረቤቶቼ ብዙዎቹ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ውጭ አገር አላቸው። አንዱ በመተማ በኩል ሱዳን ገብቷል፣ አንዷ ሳዑዲ ወይም ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች፣ ሌላው እስራኤል ወይም አሜሪካ ነው። የልጇ ድምፅ የጠፋባት እናት ደግሞ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ እህልም አይዋጥላትም። ስለዚህ ስልኩ የጤናም ጉዳይ ነው ባይ ነኝ።

በጽሑፌ ማስረዳት የምፈልገው ዋና ነገር ይኸው ነው፦ ርካሽ ጥሪ ጥሩ አፕሊኬሽን በመጫን ብቻ አይገኝም። የሚገኘው በሁለቱም ጫፍ ያሉት ቤተሰቦች ማን ይደውላል፣ መቼ ይደውላል፣ በምን ይደውላል፣ ያ መንገድ ሲዘጋስ በምን ይተካል ብለው አስቀድመው ሲስማሙ ነው። ምክንያቱን ከሥሩ እንየው።

ደቂቃው ለምን ይወደዳል?

አንድ ሰው ከሪያድ ወደ ፀዳ በመደበኛ ስልክ ሲደውል ጥሪው በትንሹ በሁለት አገር ኩባንያዎች እጅ ያልፋል። የሳዑዲው ኩባንያ ጥሪውን ያስነሳል፤ የእኛ አገሩ ደግሞ ተቀብሎ ጎንደር፣ አዘዞ፣ ፀዳ ድረስ ያደርሰዋል። ታዲያ ማድረሱ በነፃ አይደለም። አስነሺው ኩባንያ ለአድራሹ በየደቂቃው ይከፍላል፣ ያንኑ መልሶ ከደዋዩ ኪስ ይወስዳል። ይህ የማድረሻ ክፍያ ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ያለ ሰው ህንድ ሲደውል በጣም ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ፣ ኢትዮጵያ ሲደውል ግን በብዙ እጥፍ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ነገሩ የርቀት ብቻ አይደለም።

ቁጥሩን ለማየት ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የአገሩ ኩባንያዎች ለውጭ ኩባንያዎች የሚከፍሉትን የማድረሻ ጣሪያ ወስኖ ነበር። ለሀብታም አገሮች በደቂቃ 15፣ ለመካከለኞቹ 19፣ ለድሆቹ 23 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በ23 ሳንቲም ሒሳብ የአንድ ሰዓት ጥሪ ማድረሻው ብቻ 13 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይመጣል። ዘመዱ ድሃ አገር ያለ ሰው የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን ገንዘቡ ለድሆቹ አገሮች የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ስለነበር ብዙ መንግሥታት በኢንተርኔት መደወልን በክፉ ዓይን ያዩት ነበር። በአገራችንም በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 ድምፅና ፋክስን በኢንተርኔት ማስተላለፍን ከልክሎ ነበር። ያ ዘመን አልፏል። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1148 ገበያውን ለሌሎች ኦፕሬተሮች ከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ቆሞ ሥራ ጀመረ። ዛሬ በዋትስአፕ፣ በቴሌግራምና በኢሞ መደወል የተለመደ ነገር ነው።

የኢንተርኔቱ መንገድ

በኢንተርኔት ሲደወል ድምፃችን ወደ ቁጥር ይለወጥና በትንንሹ ተከፋፍሎ እንደማንኛውም ፎቶ ወይም ጽሑፍ ይጓዛል። በየደቂቃው የሚከፈል ማድረሻ የለም፤ ሁለቱም ወገን የሚከፍለው ለዳታው ነው። ሪያድም ይሁን ጎንደር ለዳታው ልዩነት የለውም።

ዳታው ምን ያህል ነው? ድምፅ በሴኮንድ 40 ኪሎቢት ይፈጃል ብንል በደቂቃ 300 ኪሎባይት ይሆናል። የሚላከውና የሚመጣው ሲደመር 600 ኪሎባይት ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢወራ 36 ሜጋባይት ብቻ ነው። ቪዲዮ ሲሆን ግን በሴኮንድ 500 ኪሎቢት ብንይዝለት በደቂቃ 7 ሜጋባይት ተኩል ይመጣል። እንግዲህ 100 ሜጋባይት ያለው ሰው በድምፅ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ያወራል፤ በቪዲዮ ግን 13 ደቂቃ ላይ ያልቅበታል። ቁጥሩ እንደ አፕሊኬሽኑና እንደ ኔትወርኩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ልዩነቱ ግን ሁልጊዜ ትልቅ ነው። የልጅን ፊት ማየት ደስ ይላል፣ ማን ይጠላል! ለእሱ ሁለት ደቂቃ መድቦ ቀሪውን በድምፅ ማውራት ነው የሚያዋጣው። ዋትስአፕም ቴሌግራምም በጥሪ ጊዜ ዳታ የሚቀንስ ማስተካከያ አላቸው፤ እሱን ማብራት አይርሱ። ኔትወርኩ ደካማ ሲሆን ደግሞ ድምፅ ቀድቶ መላክ ይቻላል። ሲገኝ ይደርሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የሁሉም አገር ደንብ አንድ አይደለም። ሳዑዲ አረቢያ በኢንተርኔት መደወልን የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ግን የዋትስአፕ ጥሪን ዘግታ እንደ ቦቲም ያሉ ፈቃድ ያላቸውን ብቻ ታሠራለች። ስለዚህ ዱባይ ያለች እህት «ዋትስአፕ አልሠራ አለኝ» ብትል ስልኳ ተበላሽቶ አይደለም። በዚያው አገር ሕግ ቪፒኤንን ለተከለከለ ነገር መጠቀም ከባድ የገንዘብ ቅጣት አለው። ለአንድ ጥሪ ብሎ ሰውን እዚያ ውስጥ መክተት አይገባም።

ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜስ?

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ኢንተርኔት የሚጠፋው ደግሞ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ እናት ወይም አባት የያዙት ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ሲሆን ነው። ሁለተኛው፣ ኔትወርኩ ራሱ ሲቋረጥ ነው። በክልላችን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን። በዋትስአፕና በኢሞ ብቻ ይገናኝ የነበረ ቤተሰብ የዘመዱን ትክክለኛ ስልክ ቁጥር እንኳ አልያዘም ነበር። ስም እንጂ ቁጥር የማያውቅ ብዙ ሰው አይቻለሁ።

በዚህ ጊዜ መደወል የሚሻለው ከወዲያ ነው። እዚህ የውጭ ጥሪ የሚቀበል ሰው አይከፍልም። የብር ዋጋም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር ወይም በሪያል ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ቢደውል ለቤተሰቡ ይቀላል። ወዲያ ያለው ሰው ከኢንተርኔት ወደ ተራ ስልክ የሚያስደውሉ አገልግሎቶችን መጠቀም ይችላል። እዚህ ያለው እናት ስልክ ቁልፍ ያለው ቢሆንም ይጠራል። ስካይፕ ለዓመታት ይህን ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ተዘግቷል፤ ሬብቴልን የመሰሉ ግን አሉ። ከመክፈል በፊት የደቂቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የማገናኛ ክፍያ አለው ወይ፣ ደቂቃውን ወደ ላይ ያጠጋጋል ወይ፣ ቀሪው ሒሳብ በጊዜ ብዛት ይቃጠላል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። የጥሪ ካርድ በገነነበት ጊዜ ካርዱ ላይ የተጻፈው ደቂቃና በእርግጥ የሚገኘው ደቂቃ ስላልተገናኙ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 አንዳንድ ካርድ ሻጮችን ፍርድ ቤት አቁሟል።

ከዚህ መደወል ግድ ከሆነ ደግሞ በባዶ ሒሳብ ከመደወል በፊት *999# ላይ ገብቶ የዓለም አቀፍ ጥሪ ጥቅል መኖሩን ማየት ጥሩ ነው። የቁጥር አጻጻፍም ብዙ ሰው ያሳስታል። ከውጭ ወደ እኛ ሲደወል የመጀመሪያው 0 ይወድቃል፤ በ09 የሚጀምረው +2519 ይሆናል፣ የጎንደሩ 058 ደግሞ +25158 ይሆናል። ከእኛ ወደ ውጭ ሲሆን ሳዑዲ 966፣ ኤምሬትስ 971፣ ኩዌት 965፣ ሊባኖስ 961፣ እስራኤል 972፣ ሱዳን 249፣ አሜሪካ 1 ነው። ከፊቱ + ወይም 00 ይገባል።

ከርካሹ ጀርባ ያለው

ሁለት ነገር እንወቅ። አንደኛው፣ ከአረብ አገር ተደውሎ የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥር ሲወጣ ነው። ይህ የሚሆነው አንድ ሰው ብዙ ሲም ካርድ የሚይዝ መሣሪያ ተክሎ ከውጭ በኢንተርኔት የመጣውን ጥሪ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ አድርጎ ሲያስገባ ነው። የማድረሻ ክፍያው ይዘለላል፣ ስለዚህ ይረክሳል። ነገር ግን በወጣው ቁጥር መልሶ ቢደወል ልጅቱ አትገኝም፤ ድምፁም ይቆራረጣል። ሥራውም በ2004 ዓ.ም. በወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ ቁጥር 761 ከባድ እስራት የሚያስፈርድ ወንጀል ነው።

ሁለተኛው፣ አንዴ ጠርቶ የሚዘጋ የማይታወቅ የውጭ ቁጥር ነው። መልሰን እንድንደውል ነው የሚፈልገው፤ መልሰን ስንደውል ውድ ደቂቃ ይቆጥራል፣ ከገቢውም አጭበርባሪው ይካፈላል። ልጇ ውጭ ያለች እናት ደግሞ የውጭ ቁጥር አይታ ዝም ማለት አይሆንላትም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ልጅቱ ያለችበትን አገር ኮድ በወረቀት ጽፎ ከስልኩ ሽፋን ውስጥ ማስቀመጥ። በዚያ ኮድ ካልጀመረ አይመለስም።

ቀጠሮና ሰላምታ

አከራዬ ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳን የምታገኘው ዓርብ ዓርብ ነው። የእሳቸው ስልክ ቁልፍ ያለው ስለሆነ ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በእኔ ስልክ ይገናኛሉ። የጅዳ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ይለያል፤ የእኛ 8 ሰዓት ለእሷ 2 ሰዓት ነው። ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። ዋሽንግተን በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ይቀራል። ቀጠሮ ሲያዝ «በማን አቆጣጠር?» ብሎ መጠየቅ የባከነ ሳምንት ያድናል።

አንድ ዓርብ እናትና ልጅ ሰላምታ ላይ እያሉ መስመሩ ተቋረጠ። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ክርስትና ልጇ ተጠያይቀው ገና አልጨረሱም ነበር። ልጅቱ ልትናገር የፈለገችው ግን ደመወዝ ከተከለከለች ሦስተኛ ወሯ መሆኑን ነበር። ያንን የሰማነው በሚቀጥለው ዓርብ ነው። ከዚያ ወዲህ «እትዬ፣ መጀመሪያ ዋናውን ይጠይቋት፣ ሰላምታው ይደርሳል» ስላቸው፣ «ምነው ልጄ፣ ሰላም ሳይባባሉ ነገር ይጀመራል እንዴ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ በእኛ ወግ ነውር ነው። ስለዚህ መላ ፈጠርን። ሐሙስ ማታ ሰላምታቸውን በሙሉ ድምፅ ቀድተን እንልካለን፤ ላሟም ጎረቤቱም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ዓርብ ስትደውል እሳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ጤናሽ እንዴት ነው? ደመወዝ ተቀበልሽ? አድራሻሽ ያው ነው? የቀረው ጊዜ የጨዋታ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ዘመድ ውጭ ያላችሁ ሁሉ አንድ ወረቀት አዘጋጁ። በወረቀቱ ላይ የዘመዳችሁ ቁጥር ከነአገር ኮዱ፣ የምትሠራበት ቤት አድራሻ፣ የፓስፖርቷ ቁጥር፣ አብራ ያለች የአንድ ጓደኛዋ ስልክ፣ እዚያ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክ ይጻፍ። ሪያድ ኤምባሲ፣ ጅዳ፣ ዱባይና ቤሩት ቆንስላ አለን። ከዚያ የጥሪ ቀንና ሰዓት ወስኑ፤ ኢንተርኔት ቢጠፋ በስንተኛው ቀን ማን በመደበኛ ስልክ እንደሚደውል ተስማሙ። ይህን ሁለተኛ መንገድ ደግሞ ኢንተርኔት ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ሞክሩት። ለአንድ ደቂቃ ሙከራ የምትከፍሉት ገንዘብ፣ በጭንቅ ቀን ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። እኛ ተማሪዎችም ስማርት ስልክ የሌላቸውን ጎረቤቶቻችንን በሳምንት ሠላሳ ደቂቃ ብንረዳ፣ 18 ሜጋባይት ነው የሚፈጅብን።

ቸር ያሰማን!