የመምህራን ጥያቄና የእናቶች ጥያቄ

በመምህራን ማኅበር ስብሰባ የምናነሣው ደመወዝ፣ የቤት ኪራይና የደረጃ እድገት ነው። በወላጆች ስብሰባ የሚነሣው ደግሞ የክፍል መጨናነቅ፣ የመጸዳጃ ቤት ውኃና ከትምህርት የሚቀሩ ልጆች ጉዳይ ነው። የማኅበሩ የሴቶች ተጠሪም የክፍል ኃላፊም በመሆኔ በሁለቱም እገኛለሁ። ሁለቱ ስብሰባዎች ሳይተዋወቁ መኖራቸው ሁለቱንም ያዳክማል የሚል ጽኑ እምነት ስላለኝ ለባልደረቦቼ የማርጋሬት ሄሊን ታሪክ ደጋግሜ አነሣለሁ።

ሄሊ በቺካጎ፣ በከብት ቄራዎቹ ሰፈር፣ የስድስተኛ ክፍል መምህርት ነበረች። በከተማዋ ያሉ የአንደኛ ደረጃ መምህራን፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ማኅበር አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ ቃል የተገባላቸው የደመወዝ ጭማሪ «ገንዘብ የለም» ተብሎ ተከለከለ። ሄሊና ባልደረባዋ ካትሪን ጎጊን ደጅ ከመጥናት ይልቅ ግብር የማይከፍለው ማን እንደሆነ መረመሩ። በሕዝብ ጎዳና ላይ የሚነግዱት የከተማ ባቡር፣ የጋዝ፣ የኤሌክትሪክና የስልክ ኩባንያዎች ከከተማዋ ለተሰጣቸው የመጠቀም መብት የሚገባውን ግብር አልከፈሉም ነበር። መምህራኑ ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1901 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ገንዘቡ ሲገኝ የትምህርት ቦርዱ ለድንጋይ ከሰልና ለጥገና ሊያውለው ቢነሣ እንደገና ከሰሱ፤ እንደገና ረቱ።

ለእኔ ግን ከክሱ የሚበልጠው የ1902ቱ ውሳኔያቸው ነው። የከተማዋን ሠራተኞች ማኅበራት ኅብረት ተቀላቀሉ። ሴቶቹ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም፤ የተማሪዎቻቸው አባቶች ግን ነበራቸው። መምህርት ከቄራ ሠራተኛ ጋር ተሰብስባ መቀመጧ ክብሯን ይቀንሳል ያሉ ብዙዎች ነበሩ። እነርሱ ግን በያዙት ጸኑ፤ የሕፃናትን የጉልበት ሥራ የሚገድብ ሕግ እንዲወጣም አብረው ታገሉ።

ይህን ድልድይ ሴቶች መሥራታቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ታችኛዎቹ ክፍሎች በአብዛኛው የሚሰጡት ለእኛ ነው፤ የታችኛው ክፍል ልጅ እናት ደግሞ በየጠዋቱ በር ላይ ትገኛለች። ልጇ ትናንት የቀረው ታናሹን ሲጠብቅ ውሎ እንደሆነ የምትነግረው ለርእሰ መምህሩ ሳይሆን ለእኔ ነው። እኔ ይህን ሰምቼ ማኅበሩ ውስጥ ካላነሣሁት ሌላ ማን ያነሣዋል?

ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያችው በቺካጎ የመምህራን ማኅበሩን ትመራ የነበረችው የኬሚስትሪ መምህርት ካረን ሉዊስ ይህንኑ መንገድ ያዘች። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ ሳይጀመር መምህራኑ ከወላጆች ጋር ተመካክረው ነበር፤ ከጥያቄዎቻቸው መካከል ነርስ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ የሙዚቃና የሥዕል ትምህርት ይገኙበታል። ሕጉ ለአድማ የአባላቱን 75 በመቶ ድምፅ ቢጠይቅም 90 በመቶ ያህሉ ደገፉ። ሆኖም በዓመቱ ከተማዋ 50 ያህል ትምህርት ቤቶችን ዘጋች። ከወላጅ ጋር መተባበር ለአንድ ሰሞን ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም።

የእኛም አገር መምህራን ይህን ያውቁት ነበር። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ ሲያቆሙ የያዙት የደመወዝ ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው እቅድ የብዙኃኑን ልጅ ትምህርት በአራት ዓመት ሊገድበው ነው የሚለው ስጋት ከወላጁ ጋር አንድ አድርጓቸው ነበር። የታክሲ ነጂዎችም የቤንዚን ዋጋ ንሮባቸው በዚያው ቀን አቆሙ። በቀናት ውስጥ መንግሥት እቅዱን አዘገየ።

ዘንድሮ የእኛ ማኅበርና የወላጆች ኮሚቴ በሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ውኃ ጉዳይ ለወረዳው አንድ ደብዳቤ በጋራ ጽፈናል። ረቂቁ ሲነበብ ከእናቶቹ አንዷ እጇን አውጥታ የመምህራኑ የቤት ኪራይ ጉዳይም እንዲገባ ጠየቀች፤ በሚቀጥለው አንቀጽ ላይ ገባ።