ብሮች ስንት ነጥብ ነው?

ስክራብል ሲጫወት ኪው የደረሰውን ሰው ከፊቱ መለየት ቀላል ነው። እጁን ከከረጢቱ ያወጣል፣ ጠጠሯን ገልበጥ አድርጎ ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያም መደርደሪያው ጥግ ላይ እንደ ተቀጣ ተማሪ ለብቻዋ ያቆማታል። ዩ እስክትመጣ ትጠብቃለች። ዩ ደግሞ በከረጢቱ ውስጥ ያለችው 4 ብቻ ናት፤ ብዙ ጊዜም ባላጋራ እጅ ገብታ ትቀራለች። ጨዋታው አልቆ ኪው እጁ ላይ ስትቀር 10 ነጥብ ይቀነስበትና «ዕድሌ ነው!» ይላል። ይህን የሚል ሰው ያበሳጨኛል። የሚለው አማርኛ ተናጋሪ ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ለማያውቀው በአጭሩ፦ 15 በ15 ቤት ያለው ሰሌዳ ነው፤ ጠጠሮቹ 100፣ ሁለቱ ባዶ። ተጫዋቹ ሰባት ሰባት ይይዝና እንደ መስቀለኛ ቃላት አንዱን ቃል ከሌላው እያጋጠመ ይደረድራል። በብዛት የምትገኘው ኢ 1 ነጥብ ናት፣ ብርቆቹ ኪውና ዜድ 10 10። ሰባቱንም በአንድ ተራ ያወረደ 50 ነጥብ ምርቃት አለው። የቀረውን ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ።

እኔ የተማርኩት ከወረቀቱ ሳይሆን ጎረቤታችን ከነበሩ ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ነበር የሚላቸው። ክረምት ሲገባና ትምህርት ሲዘጋ፣ በረንዳቸው ላይ ቆርቆሮውን ዝናብ እየደበደበው እንጫወታለን። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛ ችያለሁ ብዬ የማምንበት ዕድሜ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ኤ እና ቲ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ቲቸር ሁለት ጣታቸውን አስረዝመው ከፊታቸው ኪውን አስቀመጡ። ሌላ ምንም የለም። ኪው፣ ኤ፣ ቲ።

«ቲቸር፣ ይሄ ቃል ነው እንዴ?»

«ካልመሰለህ ሞግተኝ።»

ሞገትኩ። በቤታችን ሕግ በስህተት የሞገተ ተራውን ያጣል። ጀርባው በፕላስተር የተያዘውን መዝገበ ቃላት አምጥተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝና «ጮክ ብለህ አንብበው» አሉኝ። አነበብኩት። ጫት ማለት ነው። ቲቸር እስኪያስላቸው ሳቁ። «አወዳይ ሄደህ ብትሞግት ኖሮ አንድ ገበያ ሙሉ ሕዝብ ይስቅብህ ነበር!» ተራዬንም አጣሁ፣ 12 ነጥብም ተመዘገበብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዩ የማትከተላትን ኪው ማሳደድ ልማዴ ሆነ። ስታሳድዷት የምትደርሱበት ቦታ ያስገርማል፤ የገዛ ቤታችሁ ደጃፍ ነው። በስክራብል የቃላት ዝርዝር ውስጥ ያለ ዩ ኪውን ከያዙት ቃላት ብዙዎቹ ከዓረብኛ የመጡ ናቸው። ኤስ፣ ዩ፣ ኪው ብላችሁ ብትደረድሩ ዩ አለች፣ ግን የቀደመችው እሷ ናት፤ ቃሉም ሱቅ ነው። ያው ልጅ ሆነን ስኳር የተላክንበት ሱቅ። 12 ነጥብ። ኪው፣ ኤ፣ ዲ፣ አይ፦ ቃዲ፣ 14 ነጥብ። እንግሊዛዊው ተጫዋች በካርድ ጽፎ በቃሉ የሚያጠናውን ይህን ዳኛ ወሎም ሐረርም ያደገ ልጅ ያውቀዋል። ኮሊንስ በሚያሳትመው ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ቂብላ አለ፣ 16 ነጥብ፤ ወቅፍ አለ፣ በአራት ጠጠር ብቻ 19 ነጥብ። ለመስጊድ የተሰጠ ንብረት ምን እንደሚባል ሲነገር የሰማ ሰው አዲስ ቃል መማር አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት አጻጻፉን መገመት ብቻ ነው።

አጻጻፉን መገመትም ቢሆን ያን ያህል አያስቸግርም። እንግሊዝኛ የባዕድ ድምፅ ሲያጋጥመው አንድ ወጥ መንገድ ስለሌለው፣ ተጓዡም ነጋዴውም ሚስዮናዊውም እንደ መሰለው ጽፎታል፤ መዝገበ ቃላቱም ሁሉንም ተቀብሏል። ጫትን በኪው ብትጽፉት ልክ ነው፣ በኬ ብቻ ብትጽፉትም ልክ ነው፣ በኬና በኤች ብትጽፉትም ልክ ነው። ጤፍም በአንድ ኤፍ 6 ነጥብ፣ በሁለት ኤፍ 10 ነጥብ ነው። እንጀራ በጄ ይጻፋልና 13 ያወጣል። ጭላዳ ዝንጀሮም፣ ኒያላም፣ ንጉሥም፣ ራስም አሉ። ጳጳሱን «አቡነ» ብላችሁ ብትጠሩ እንኳ በኤ ጨርሳችሁ ትጽፉታላችሁ እንጂ የሚከለክላችሁ የለም።

ከሁሉ የምወደው ግን ብር ነው። ባለ ሁለት አር ነው የሚጻፈው፣ ብቻውን 6 ነጥብ፤ ምኑ ይገርማል? የሚገርመው ብዙ ቁጥሩ ነው። በእንግሊዝኛ ወግ ኤስ ትጨመርበታለች፣ እሱም ይፈቀዳል። ነገር ግን ሌላም ብዙ ቁጥር በዝርዝሩ ተመዝግቧል፦ ብር ከሚለው ቀጥሎ ኦ፣ ቲ፣ ሲ፣ ኤች። ብሮች! የአማርኛችን «ኦች» ከእነ ሙሉ ክብሩ፣ የእንግሊዝኛ ስክራብል ሕጋዊ ቃል ሆኖ ተቀምጧል። 15 ነጥብ ያወጣል፤ አንዱ ፊደል ሰሌዳው ላይ ቆሞ ሰባቱን ከእጃችሁ ካወረዳችሁ ደግሞ 50ው ምርቃት አለ።

ይህን ያወቅሁ ሰሞን አሜሪካ ተወልዶ ያደገ የአክስቴ ልጅ ለዕረፍት መጥቶ ነበር። አማርኛው ሰላምታና ምግብ ላይ ያበቃል፤ ስክራብል ግን አደገኛ ነው። እሱ ብርን ደርድሮ ነጥቡን ሲጽፍ እኔ አራቱን ጠጠሮች ጫፉ ላይ ቀጠልኩለት። ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄ አማርኛ ነው፣ እንግሊዝኛ አይደለም» አለ። ሞገተኝ። የተጫዋቾች ዝርዝር ከስልኩ አውጥቶ ፈለገ፣ አገኘ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እማዬ!» ብሎ ወደ ማድ ቤት ጮኸ፣ «ኦች ማለት ምንድነው?» አክስቴ ሽንኩርቱን እያቁላላች ሰዋስው አስተማረችው።

ወደ ኪው ልመለስ፤ ገና አልጨረስኩም። የላቲኑ ኪው ዘሩን ወደ ኋላ ብትቆጥሩለት ከግሪክ አልፎ ፊንቄ ይደርሳል፤ እዚያ ስሙ ቆፍ ነበር። በግዕዝ የፊደል ስሞች ውስጥ ቀ ቃፍ ትባላለች። ሁለቱ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ጥንት ኪው ስትጻፍ ክብ ሆና ከሥሯ ቀጥ ያለ እግር ነበራት፤ አሁን ቀን ጽፋችሁ ተመልከቱ። እኛ እግሯን ሳናጣምም አቆየናት፣ እነሱ ወደ ጎን ጅራት አደረጉላት። የዕብራይስጡ ቆፍ ስሙ ራሱ የተፈቀደ ቃል ነው፦ ኪው፣ ኦ፣ ፒ፣ ኤች፣ 18 ነጥብ። ቀን ከከ የሚለይ ጆሮ ያለው ሰው ይህቺን ፊደል ጥግ ላይ ሲቀጣት ሳይ ዝም ማለት የማልችለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ትንንሾቹን ቃላት የምትንቁ፣ ጠጋ በሉ። ባለ ሁለት ፊደል ቃል ሲጻፍ «እሷማ ምን አላት» የምትሉ አላችሁ። ሰሌዳው ላይ ታክሲ ተጽፏል እንበል፤ በእንግሊዝኛ በአይ ያልቃል፣ 11 ነጥብ ነው። ከአይዋ በላይ ያለው ቤት የፊደሉን ነጥብ ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ነው፣ ዙሪያው ባዶ ነው። እጃችሁ ላይ ኪውና አይ አሉ። ኪውን እዚያ ቤት ላይ፣ አይን ከቀኟ አኑሩ። ወደ ጎን ሲነበብ ቺ ይሆናል፤ ቻይናዎች የሕይወት እስትንፋስ የሚሉት፣ በኪውና በአይ የሚጻፍ። ወደ ታች ሲነበብ ደግሞ ኪው ከታክሲዋ አይ ጋር ገጥማ ያው ቺ ይሆናል። 31 ሲደመር 31። በሁለት ጠጠር 62 ነጥብ! ታክሲውን የጻፈው ሰውዬ በአራት 11 ነው ያገኘው። ይህ ቃል በአሜሪካ ዝርዝር የገባው በፈረንጆቹ 2006 ነው፤ ከዚያ በፊት በኪው ምን ያህል ሰው እንደተቃጠለ አስቡት። ባለ ሁለት ፊደሎቹ በ2019ኙ የኮሊንስ ዝርዝር 127 ናቸው። አንድ ክረምት ይበቃቸዋል።

«እንግሊዝኛ የቻለ ስክራብል ቻለ» የሚለውም አባባል እንዲሁ ስህተት ነው። የኒው ዚላንዱ ናይጄል ሪቻርድስ በ2015 የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ፤ ፈረንሳይኛ ግን አይናገርም። ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ዝርዝሩን በቃሉ አጥንቶ ሄደ፣ ዋንጫውን ይዞ ተመለሰ። በ2024 ደግሞ ግራናዳ ላይ በስፓኒሽኛው እንዲሁ አደረገ። በዚያው በ2015 አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ የእንግሊዝኛውን ዋንጫ የወሰደው ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ ነው፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሻምፒዮን። ናይጄሪያውያኑ የሚታወቁት ረጅም ቃል ተገኘ ብለው ሰሌዳውን ባለመክፈት፣ በአጫጭር ቃል አፍነው በመያዝ ነው። በገበጣ ጨዋታ ያደገ ሰው ይህ ጠባይ ይገባዋል፤ የራስን መሰብሰብ ብቻ አይደለም፣ የሌላውን ቤት ማድረቅም አለበት።

ጨዋታውን የፈጠረው አልፍሬድ ሞሸር በትስ አርክቴክት ነበር፤ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ያጣ የኒው ዮርክ ግዛት ሰው። ጋዜጣ ዘርግቶ ፊደል ቆጠረ። የትኛው ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ኢ 12 ጠጠር የሆነችው፣ ኪው አንድ የሆነችው ከዚያ ቆጠራ ነው። ኤስን ግን ሆን ብሎ 4 ላይ አቆማት፤ ቃልን ሁሉ በእሷ እያበዙ ነጥብ መልቀም እንዳይቀል። ስክራብል የሚለው ስም የመጣው በ1948 ከጄምስ ብሩኖ ነው፤ እሱም በማግስቱ ዓመት 2,400 ያህል ሳጥን ሠርቶ 450 ዶላር ከሰረ። ከኪሳራው ያወጣው ከ1952 ጀምሮ የመጣው የገበያ ጎርፍ ነው።

ስለ አያያዝም አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ጠጠር የጠፋበት ሰው በካርቶን ቁራጭ አይተካ፤ ከረጢት ውስጥ ጣት ካርቶንን ከእንጨት ይለያል፣ ያ ደግሞ ሌብነት ነው። ቡና ሰሌዳው ላይ አይቀመጥም። ከረጢቱን ከዓይን በላይ ከፍ አድርጋችሁ አውጡ። ተራው ሳይደርስ ስልክ ላይ ቃል የሚፈልግ ሰው ጋር መጫወት ይቅርባችሁ።

የበትስን ቆጠራ እኔም በአማርኛ ሞክሬዋለሁ። አንድ እሑድ የጋዜጣ ፊት ገጽ ዘርግቼ መስመር በመስመር ጭረት እየጫርኩ ቆጠርኩ። ን፣ ት፣ የ፣ ው ከሁሉ በለጡ፤ ሳድሶቹ ባጠቃላይ ገጹን ሞልተውታል፤ ጰ እስከ ምሳ ሰዓት ብትፈለግ አልተገኘችም። መከራው ያለው ብዛቱ ላይ ነው። 33 ሆሄ በሰባት ሲባዛ 231፤ 100 ጠጠር አንድ አንድ እንኳ አያዳርስም። ስለዚህ ከጫማ ካርቶን 300 ቆረጥኩ፣ ለብርቆቹ ባዶ ጠጠር አበዛሁ፣ ለቲቸር ይዤላቸው ሄድኩ። ያኔ በጣም አርጅተው ነበር፤ መነጽራቸውን ደራርበው አድርገው ነው የተጫወቱት።

ሦስተኛው ተራ ላይ ፀሐይ ብዬ ጻፍኩ። ፀሐዩ ፀ አልደረሰችኝምና በጸሎቱ ጸ ነበር የጻፍኳት። ሐመሩ ሐም ስላልነበረኝ በሃሌታው ሀ።

«ይሄ ቃል ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ካልመሰለዎት ይሞግቱኝ።»

ሞገቱኝ። እሳቸው የትኛውም መዝገበ ቃላት አይቀበለውም አሉ፤ እኔ የዛሬ ጋዜጣ ሁሉ እንደ ፈለገ ይጽፈዋል አልኩ፣ ሄጄም የቆጠርኩበትን ገጽ አምጥቼ አሳየኋቸው። ጋዜጣውን ወስደው፣ ቀይ እስክሪብቶ ጠይቀው፣ ማረም ጀመሩ። ጨዋታው እዚያው ላይ ቀረ።