የቫሌንሺያው ኳስ ተጫዋች

በአየርላንድ የጌሊክ እግር ኳስ የሚባለው ጨዋታ፣ በየወገኑ 15 ሰዎች ተሰልፈው ኳሱን በእጅም በእግርም የሚጫወቱበት፣ መረብ ውስጥ ያገባ 3 ነጥብ፣ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ያሳለፈ ከዚያ ያነሰ ነጥብ የሚያገኝበት፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ተጫዋቹ ደመወዝ ሳይቆረጥለት ለአውራጃው ክብር ብቻ የሚሰለፍበት ነው። ከጨዋታው ሊቃውንት አንዱ የኬሪ አውራጃው ሚክ ኦኮኔል ያደገው በቫሌንሺያ ደሴት ሲሆን፣ ድልድይ ገና ባልተሠራበት በዚያ ዘመን ለልምምድም ለግጥሚያም የሚሄደው ጀልባውን ራሱ እየቀዘፈ ነበር።

ቦታው መሐል ሜዳ ነው። ከረጅም ርቀት የተለጋ ኳስ ሲወርድ፣ ሌሎች ሲጋፉና ሲጓተቱ፣ እሱ ጊዜውን ጠብቆ ወደ ላይ ይዘልና ኳሱን ከራሱ በላይ በሁለት እጆቹ ይቀልባል፤ መሬት እንደረገጠም በቀኝ ይሁን በግራ እግሩ፣ ለእሱ ልዩነት የለውም፣ ወደ ፈለገው ጓደኛ ይልካል። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ የጨዋታው ውበት ሁሉ በዚህች ቅጽበት ተጠቃሎ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1959 ኬሪ በክሮክ ፓርክ ስታዲየም ጎልዌይን አሸንፎ የአየርላንድን ዋንጫ ሲወስድ አምበሉ እሱ ነበር፤ እንደሚተረከውም፣ ዋንጫውን በልብስ መቀየሪያው ክፍል ትቶ፣ ውዳሴ ከንቱን የሸሸ መናኝ ይመስል፣ በዚያው ምሽት ወደ ደሴቱ ተመለሰ። ትዕቢት ነው ያሉ አልጠፉም፤ ባሕርዩ ግን ብሕትውና ነበር። በ1962፣ በ1969 እና በ1970 ደግሞ ዋንጫውን ደገመ። ጨዋታውን የሚመራው ማኅበር 100ኛ ዓመቱን በ1984 ሲያከብር በሰየመው የክፍለ ዘመኑ ምርጥ ቡድን ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳው ሁለት ስፍራዎች አንዱ የተሰጠው ለእሱ ነው።