ለሁሉም የተዘጋጀ መጽሔት፣ ዋጋውን ማን ይክፈል?

ሰው ከመደበኛ ሥራው በሚተርፈው ጊዜ የሚወደውን ሙያ ይዞ ከመሰሎቹ ጋር ሲሰባሰብ ማኅበር ይወለዳል። ቴምብር ሰብሳቢው፣ ንብ አናቢው፣ ጥልፍ ጠላፊዋ፣ ራዲዮ ወዳዱ፣ ሁሉም የሚወያየው ጓደኛ ይሻል። አባላቱ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ ወሬው በቡና ላይ ይዳረሳል። በየአገሩ የተበተኑ ከሆነ ግን የሚያስተሳስራቸው ክር የታተመው መጽሔታቸው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ታዲያ ይህ ክር ለብቻው ዋጋ እየተቆረጠለት መጥቷል። በውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ማኅበራት አባላቸውን፣ “መዋጮህን ከፍለሃል፤ በወረቀት የታተመውን መጽሔት ከፈለግህ ግን ጨምር” ይሉታል። ጉዳዩ ከሩቅ ሲያዩት የጥቂት ገንዘብ ክርክር ይመስላል። ቀርበው ሲመረምሩት ግን አባልነት ምን ማለት እንደሆነ የሚያጠያይቅ በመሆኑ፣ በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ልናነሳው ወደድን።

የአንድ መጽሔት ጉዞ

ለአብነት የመረጥነው ለመገናኛ ባለሙያዎቻችን እንግዳ ያልሆነውን የአማተር ራዲዮ ማኅበር ነው። አማተር ራዲዮ ማለት ለጥቅም ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ፣ ፈቃድና የጥሪ ምልክት አውጥተው፣ በሞርስም ሆነ በድምፅ ከዓለም ዙሪያ ጋር የሚገናኙ ሰዎች ሙያ ነው። በአገራችንም አሻራው አለ። አሜሪካኖች በአስመራ የቃኘው ጣቢያ በነበሩበት ዘመን ከዚያ የሚያስተላልፍ የአማተር ጣቢያ ነበራቸው። በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ትምህርት ተቋም ደግሞ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ. በሚል የጥሪ ምልክት የሚታወቅ የማኅበር ጣቢያ ተቋቁሟል።

የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። መሥራቾቹ ሃይራም ፐርሲ ማክሲምና ክላረንስ ተስካ በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1915፣ “ኪው ኤስ ቲ” የተባለውን መጽሔት አወጡ። ስያሜው ከቴሌግራፍ ሠራተኞች አኅጽሮት የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ “ለሁሉም ጣቢያዎች የሚደረግ ጥሪ” ማለት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የአማተር ጣቢያዎች በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጉ፤ በርካታ አማተሮችም የሠራዊቱን የመገናኛ ክፍል ተቀላቀሉ። መጽሔቱ በዚያው ዓመት ሥራውን አቋረጠ።

እ.ኤ.አ. በ1919 ጦርነቱ አልፎ ማኅበሩ እንደገና ሲነሳ አንድ ልብ የሚነካ ነገር ተፈጸመ። እስከዚያ ድረስ መጽሔቱ የግለሰብ ንብረት ነበርና ማኅበሩ ሊገዛው ፈለገ፤ ካዝናው ግን ባዶ ነበር። ስለዚህ ከአባላቱ በብድር ሰነድ ገንዘብ አሰባስቦ መጽሔቱን የራሱ አደረገ። አባላት ከኪሳቸው አውጥተው ያበደሩት ያለ መጽሔት ማኅበር እንደማይኖር ስለገባቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርተ ዓመታት፣ ዓመታዊ መዋጮውን የከፈለ አባል ሁሉ መጽሔቱን በየወሩ በፖስታ ሲቀበል ኖረ።

እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ መጽሔቱ በኮምፒውተር ጭምር የሚነበብ ሆነ። እስከ 2023 መጨረሻ ዓመታዊው መዋጮ 49 ዶላር ሲሆን፣ የታተመው ቅጂም በዚሁ ውስጥ ይጠቃለል ነበር። ከጥር 2024 ጀምሮ ግን መዋጮው 59 ዶላር ሆነ፤ በወረቀት ለሚፈልግ ደግሞ 25 ዶላር ተጨመረበት። የወረቀቱን ቅጂ ያልተወ አባል በአንድ ጊዜ ከ49 ወደ 84 ዶላር ተሸጋገረ ማለት ነው። የተሰጠው ምክንያት የወረቀት፣ የኅትመትና የፖስታ ዋጋ መናር ነው።

የሁለቱ ወገኖች ክርክር

የማኅበራቱ አስተዳዳሪዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ የሚያነበው አባል ስለ ምን ለሌላው ሰው ወረቀትና ቴምብር ይከፍላል? መዋጮው በሙሉ ለማተሚያ ቤትና ለፖስታ ቤት ከዋለስ፣ ለወጣቶች ማሠልጠኛና ለመሣሪያ መግዣ ምን ይተርፋል? ዓይኑ የደከመ አባልም ቢሆን ፊደሉን አጉልቶ ለማንበብ ኮምፒውተሩ ይሻለዋል ይላሉ።

በአንጻሩ የሚቆሙትም እውነት አላቸው። ማኅበሩን በጉብዝናቸው ዘመን ያቆሙት አረጋውያን በጡረታ ገንዘብ የሚኖሩና ከአዲሱ መሣሪያ ጋር ያልተላመዱ ናቸው። ጭማሪው የሚከብደው እነርሱን ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ የታተመ መጽሔት የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ባል አንብቦ ሲጨርስ ሚስት ትገልጠዋለች፤ ልጅ ሥዕሉን አይቶ ይጠይቃል። በስልክ የሚነበበው ግን ከባለቤቱ ኪስ አይወጣም፤ ቤተሰቡም የአባወራውን ወይም የእመቤቲቱን ሙያ የሚያውቅበት በር ይዘጋል።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ የጠለቀ ነው። በዚሁ የአማተሮች መጽሔት ውስጥ “ዝም ያሉ ቁልፎች” የተሰኘ ዓምድ አለ። ቁልፍ የሚባለው የሞርስ መምቻው ነው፤ በዓምዱ የሚሰፍረውም በሞት የተለዩ አባላት ስምና የጥሪ ምልክት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ይህንን ገጽ ከፎቶግራፉ ጋር ልታስቀምጠው ትችላለች። በእድር ተሳስረን ለምንኖር ለእኛ የዚህ ትርጉም አይጠፋንም። ሰው ከማኅበር የሚፈልገው ወሬ ብቻ ሳይሆን፣ ስሙን የሚያስታውስለት ወገን ነው።

ሒሳቡ ሲመረመር

ክርክሩን ለመፍታት ወጪውን በሦስት መክፈል ይጠቅማል። አንደኛው የዝግጅት፣ ሁለተኛው የማተሚያ መነሻ፣ ሦስተኛው የየቅጂው ወረቀትና ፖስታ ነው። በምሳሌ እናስረዳ። 100 አባላት ያሉት ማኅበር ለአንድ እትም ለዝግጅት 1,000 ብር፣ ለማተሚያ መነሻ 1,000 ብር፣ ለእያንዳንዱ ቅጂ ደግሞ 20 ብር ያወጣል እንበል። ሁሉም በወረቀት ሲወስዱ የአንዱ ሰው ድርሻ 40 ብር ነው። 60ዎቹ ወረቀቱን ቢተዉ፣ የዝግጅቱ 10 ብር ለሁሉም እኩል ሆኖ፣ የቀሩት 40 አባላት ለወረቀቱ 45 ብር ይጨምራሉ፤ ጠቅላላው 55 ብር ይሆንባቸዋል። 20 ብቻ ሲቀሩ ጭማሪው 70፣ ጠቅላላው 80 ብር ይደርሳል። በዚህን ጊዜ ደግሞ ከ20ዎቹ ገሚሱ ያፈገፍጋል፤ ዋጋውም እንደገና ይወጣል።

አበው “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ያሉት ይህንኑ ነው። ተጨማሪ ክፍያ አንዴ ከተጀመረ በወረቀት የሚያነቡትን ቁጥር እያሳነሰ፣ የቀሩትን ሸክም እያከበደ ይሄዳል። ስለዚህ አስተዳዳሪዎች ዋጋውን ከመወሰናቸው በፊት የዛሬውን ወጪ ብቻ ሳይሆን የከርሞውንም ሊያሰሉ ይገባል።

ለጦር ሰፈር ክበቦቻችን

በጦር ሰፈር ውስጥ የስፌት፣ የጓሮ አትክልት ወይም የሥዕል ክበብ ያቋቋማችሁ፣ በራሪ ጽሑፍም የምታባዙ አንባቢዎቻችን ከዚህ የምትቀስሙት ትምህርት አለ ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ፣ የጽሑፉ ወጪ ለአባላት በግልጽ ይነገር። ምን ያህሉ ለዝግጅት፣ ምን ያህሉ ለወረቀት እንደዋለ ያወቀ አባል ጭማሪውን በቅሬታ አይቀበልም። በሁለተኛ ደረጃ፣ የዝግጅቱ ወጪ የሁሉም ነውና በወረቀት በሚያነቡት ላይ ብቻ አይጫን። በሦስተኛ ደረጃ፣ ባሏ ግዳጅ ላይ ያለ እመቤት፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ምሽግ ያለ ወታደርና በጡረታ የተገለለ አባል ያለ ጭማሪ የሚያገኙበት መንገድ በስብሰባ ይወሰን። በመጨረሻም፣ ሁለት ቅጂ ሁልጊዜ ይታተም፤ አንዱ ለሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው ለማኅደር። መሣሪያ ይለወጣል፣ ስልክ ይጠፋል፤ በማኅደር የተቀመጠ ወረቀት ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ተጨማሪ ማስከፈል በራሱ በደል አይደለም። ወረቀትም ፖስታም ዋጋ አላቸው፤ ያንን መካድ ማኅበሩን ለዕዳ መዳረግ ነው። በደል የሚሆነው፣ ስሙ “ለሁሉም የሚደረግ ጥሪ” የሆነ መጽሔት መክፈል የቻለውን ብቻ ሲጠራ ነው። እያንዳንዱ ክበብ ሒሳቡን ሲዘጋ ገቢና ወጪውን ካመዛዘነ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ በዚህ ዓመት ጥሪያችን ያልደረሰው አባል ማን ነው? ስሙ ሲታወቅ አንድ ሰው ቅጂውን ይዞለት ይሂድ።