ሁለት የልብ ቀዳዳዎች በአንድ ኮድ

አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ለኢንሹራንስ የሚልከው የክፍያ ጥያቄ ሁለት ዓይነት ኮድ ይይዛል። አይሲዲ-10-ሲኤም የሚባለው ሕመሙን ይገልጻል፤ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ ነው። ሲፒቲ የሚባለው ደግሞ የተሰጠውን ሕክምና ይናገራል። ኢንሹራንሱ ሁለቱን አስተያይቶ ሕክምናው ለሕመሙ ተገቢ መሆኑን ይመዝናል።

ከልደት ጀምሮ ያሉ የልብና የደም ሥር ችግሮች ከኪው20 እስከ ኪው28 ባሉት ኮዶች ተመድበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ኪው21.1 የልብን ሁለት የላይኛ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ላለ ክፍተት የተሰጠ ነበር። በዚህ ኮድ ሥር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ቆይተዋል።

ፅንስ በሳንባው ስለማይተነፍስ የደሙ አንድ ክፍል ሳንባን ሳይነካ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሻገርበት መተላለፊያ አለው፤ ፎራሜን ኦቫሌ ይባላል። ሕፃኑ ተወልዶ ሲተነፍስ በግራ በኩል ያለው ግፊት ይጨምርና መተላለፊያውን የሚሸፍነውን ክዳን ይገጥመዋል። ከአራት አዋቂዎች በአንዱ ገደማ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ አይጣበቅም፤ አብዛኞቹ ግን ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ሁለተኛው፣ ማለትም ዋናው የግድግዳ ክፍተት፣ ከዚህ ይለያል። እሱ ግድግዳው ራሱ ሳይሞላ የቀረበት ሲሆን፣ ሰፊ ከሆነ ደም ከግራ ወደ ቀኝ እየፈሰሰ የቀኙን ልብ ያሰፋል፣ ሳንባንም ያጨናንቃል።

ሁለቱም በካቴተር ሲዘጉ የሚጻፈው የሲፒቲ ኮድ አንድ ነው፦ 93580። የሕመሙም ኮድ አንድ ስለነበር የትኛው እንደተዘጋ ከክፍያ ቅጹ ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ለዚያ የሐኪሙን ማስታወሻ ማየት ያስፈልግ ነበር። ችግሩ በክፍያ አላበቃም። በክፍያ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ሕሙማንን የሚቆጥሩ ተመራማሪዎችም ጤነኛ ሊባል የሚችለውን ሰው ከታማሚው ጋር ይደምሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 ኮዱ ተከፋፈለ። በብዛት የሚታየው ዓይነት ክፍተት ኪው21.11፣ ያልተዘጋው ፎራሜን ኦቫሌ ደግሞ ኪው21.12 ተሰጣቸው። ዓይነቱ ካልተገለጸ ኪው21.10 ይጻፋል።

የተጨመረው አሃዝ ጥቅም የሚሰጠው ሐኪሙ የክፍተቱን ዓይነት ለይቶ ከጻፈ ብቻ ነው፤ ኮድ የሚመድበው ባለሙያ ያልተጻፈውን መገመት አይፈቀድለትም። ከ2022 በፊት የተከማቸው መረጃም ወደ ኋላ ተመልሶ አልተለየም። ስለዚህ ከ2022 በፊትና በኋላ ባሉት ዓመታት መካከል የሚታይ የቁጥር ለውጥ ብቻውን የበሽታው መጨመር ወይም መቀነስ ማስረጃ አይሆንም።