ልጃችን ምን ይማር?
የትምህርት ዘርፍ ምርጫና የነገ እንጀራ



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው የ12ኛ ክፍል ውጤት በተነገረ ቁጥር በየቤቱ እንቅልፍ የሚነሳውን ጥያቄ ነው፤ ልጃችን ምን ይማር? አባት «ሐኪም ይሁንልኝ» ይላል። እናት «ቶሎ ሥራ የሚያገኝበትን ይማር» ትላለች። አጎት ደግሞ የሚያውቀው መሐንዲስ መኪና መግዛቱን ያነሳል። ልጁ በበኩሉ ጓደኞቹ የሞሉትን አይቶ ይሞላል። በዚህ ሁሉ መሐል ሳይጠየቅ የሚያልፍ ጥያቄ አለ፤ ይህ ትምህርት ሲያልቅ ልጁ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? የሚቀጥረውስ ማን ነው?

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። አራት አምስት ዓመት ከወጣት ዕድሜ ላይ ይሄዳል። ገንዘቡም አለ። የወንድሟን የኮሌጅ ክፍያ ጅዳ ወይም ኩዌት በሰው ቤት ሠርታ የምትልክ እህት ያለችበት ስንት ቤት አለ! ይህ ገንዘብ አማና ነው። እንዲሁ በወሬ በተመረጠ ትምህርት ላይ ሊፈስ አይገባውም።

የዘርፉ ስምና ሥራው አንድ አይደሉም

ብዙዎቻችን የምንመርጠው ስም ነው። ስም ግን በየዘመኑ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለት ምሳሌ እንይ።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች «70 በ30» የተባለው አሠራር ተግባራዊ ሆነ። ከመቶ 70 የሚሆኑት ተማሪዎች በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ከመቶ 30 የሚሆኑት በማኅበራዊ ሳይንስ ይመደቡ ነበር። ለምህንድስናና ቴክኖሎጂ ብቻ ከመቶ 40 ተይዞ ነበር። በዚያን ጊዜ መንገዱም፣ ግድቡም፣ ኮንዶሚኒየሙም በየአቅጣጫው ይሠራ ስለነበር «ሲቪል ኢንጂነር» የሚለው ስም እንደ ወርቅ ታየ። በኋላ ግንባታው ሲቀዘቅዝ የሚመረቀው ሰው ቁጥር ግን አልቀዘቀዘም። ጎበዝ ልጆች ዲግሪያቸውን ይዘው ዓመታት በሥራ ፍለጋ አሳለፉ። ስሙ ያው ነው፣ ሥራው ግን ቀንሷል።

ሁለተኛው ሕክምና ነው። ቀድሞ ሐኪም ሆኖ ሥራ መፈለግ የማይታሰብ ነገር ነበር፤ የተመረቀው ሁሉ በዕጣ ይመደብ ነበርና። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከተስፋፉ ወዲህ ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ ሐኪሞችን አየን። በግንቦት 2011 እና በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄያቸውን በአደባባይ አሰምተዋል። አገሪቱ ሐኪም ጠግባ ነውን? በፍጹም! በየወረዳው ሕመምተኛው ተሰልፏል። ነገር ግን «ሕዝቡ ያስፈልገዋል» ማለትና «ለመቅጠር በጀት አለ» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዘርፍ ስንመርጥ ሁለቱንም ለየብቻ መጠየቅ አለብን።

ይህ መጋፋት አዲስ ነገር አይደለም። በ505ኛው ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ» በተሰኘው ኪታባቸው ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል፤ ማለትም ከኅብረተሰቡ የሚበቃ ሰው ካልተማረው ሁሉም የሚጠየቅበት ዕውቀት ነው። ከዚያም ሙስሊም ሐኪም የሌላቸው ከተሞች እያሉ ተማሪው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር መጉረፉን አማረው ጽፈዋል። ምክንያቱንም አልሸሸጉም፤ በዚያ መንገድ ዳኝነት፣ የወቅፍ አስተዳዳሪነትና ሹመት ይገኝ ነበር። እንግዲህ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊትም ሰው ስምና ወንበር አይቶ በአንድ በር ሲጋፋ ሌላው በር ባዶውን ይቀር ነበር ማለት ነው።

ከመምረጣችን በፊት አራት ጥያቄዎች

አንደኛ፣ ማን ይቀጥራል? ይህን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ለሁለት ለሦስት ወር በጋዜጣ የሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን ሰብስቡ። የትኛው ሙያ ስንት ጊዜ ተፈለገ? ስንት ዓመት ልምድ ተጠየቀ? «ዜሮ ዓመት» የሚል አለ ወይ? ቀጣሪዎቹስ እነማን ናቸው? አካውንቲንግን ብንወስድ ፋብሪካውም፣ ሆስፒታሉም፣ አስመጪውም፣ ረድኤት ድርጅቱም ይፈልገዋል። ቀጣሪው አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ የሆነ ሙያ ግን ያ መሥሪያ ቤት ቅጥር ባቆመ ቀን በሩ ይዘጋል። በራስ ለመሥራት የሚያስችል መሆን አለመሆኑንም አብራችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ከትምህርቱ በኋላ ምን ይቀራል? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታው ሆኗል። በጤና ሙያና በጥብቅና ከዚህም በላይ የሥራ ፈቃድ ይጠየቃል። ሕክምና ከሌሎች ዘርፎች ሁሉ ረጅም ዓመት ይወስዳል። ቤተሰቡ ያን ያህል መጠበቅ ይችላል ወይ?

ሦስተኛ፣ ልጁ ምን ይችላል? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ውጤት ዘርግታችሁ እዩት። ሳይነገረው የሚያጠናው የትኛውን ነው? ሒሳብ የሚያስጨንቀውን ልጅ ኢንጂነሪንግ ማስገባት፣ ደም ሲያይ የሚያዞረውን ነርሲንግ ማስገባት እርሱንም አገልግሎት ፈላጊውንም መበደል ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አባቶቻችን። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸውን በአንድ ሚዛን አልመዘኗቸውም። ሙዓዝን በሐላልና ሐራም ዕውቀት፣ ዘይድ ኢብኑ ሳቢትን በውርስ ሕግ፣ ኡበይን በቁርኣን አነባብ ለይተው አውስተዋቸዋል። የሌላ ሕዝብ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ባስፈለገ ጊዜም ያን እንዲማር ያዘዙት ወጣቱን ዘይድን ነበር፤ እርሱም በአጭር ጊዜ ተማረው። እዚህ ላይ ችሎታና ፍላጎት ተገናኝተዋል።

ልጁ ዝንባሌውን ገና ካላወቀ ይሞክረው። ለምሳሌ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው «5 ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠና የኮምፒዩተር ፕሮግራምን መሠረት ያለ ክፍያ ለማስተማር የተዘጋጀ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሥልጠና ላይ ጥቂት ሳምንታት የተቀመጠ ልጅ ኮምፒዩተር ሳይንስ የእርሱ መሆን አለመሆኑን አራት ዓመት ሳያባክን ይረዳል።

አራተኛ፣ ሥራው ሐላል ነው ወይ? በዚህ ጥያቄ ላይ ሰዎች የዘርፉን ስም ሰምተው ይሸሻሉ። «አካውንቲንግ የተማረ መጨረሻው ወለድ ቤት ነው» የሚሉ ወላጆች አሉ። ነገር ግን የሒሳብ አያያዝ ዕውቀቱ ራሱ ወለድ አይደለም። ዘካውን በትክክል ለማስላት የሚፈልግ ነጋዴም ያስፈልገዋል። ደግሞም ዛሬ በአገራችን ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት አለ፤ ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ በዚህ አሠራር ለመሥራት በ2013 ዓ.ም. በራቸውን ከፍተዋል። ሙዳረባንና ሙራበሓን የሚያውቅ፣ ዘመናዊውን ሒሳብም የተማረ ሰው ለእንዲህ ዓይነቱ ተቋም ሁለት ዕውቀት ይዞ ይቀርባል። ስለዚህ የምንመረምረው የሚሠራበትን ቦታና የሚሠራውን ሥራ እንጂ የዲግሪውን ስም ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው ዓመት ቀልድ አይደለም

ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ልጅ ዲፓርትመንቱ በምኞት አይሰጠውም። የመጀመሪያው ዓመት፣ ፍሬሽማን የሚባለው፣ ውጤት በምደባው ላይ ትልቅ ክብደት አለው። ብዙ ልጆች ግን ከቤት ወጥተው ነፃነት ያገኙት ያኔ ስለሆነ የሚዘናጉትም ያኔ ነው። ወላጆች ስልክ ስትደውሉ «ብር አለህ ወይ?» ከሚለው ጋር «ፈተናው እንዴት ነበር?» ማለትን አትርሱ። ልጁም አንድ ምርጫ ብቻ ይዞ አይሂድ። ፋርማሲ ባይደርሰው ላብራቶሪ፣ ኤሌክትሪካል ባይደርሰው ኮምፒዩተር ሳይንስ እያለ ሁለተኛና ሦስተኛውን አስቀድሞ አጥንቶ ይያዝ። ያልጠበቀው ቢደርሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ስታትስቲክስ ደርሶት ያዘነ ተማሪ የመረጃ ትንተናን ጠንቅቆ ቢማር በባንክም፣ በጤናም፣ በጥናት ተቋምም ይፈለጋል።

የግል ኮሌጅ ለምታስገቡ

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት ያለፉት ከመቶ 62 ገደማ ነበሩ። ከግል ተቋማት ግን ከመቶ 17 ገደማ ብቻ! እያንዳንዱ የወደቀ ልጅ ዲግሪው የዘገየበት፣ ክፍያው ግን የተከፈለ ልጅ ነው።

ይህን የምናነሳው የግል ኮሌጅን ለማጥላላት አይደለም፤ በርትተው የሚያስተምሩ አሉ። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። ኮሌጁ ለዚያ ትምህርት፣ በዚያ ካምፓስ ዕውቅና አለው ወይ? ዕውቅናው የሚሰጠው በየትምህርቱና በየካምፓሱ ነውና በአካውንቲንግ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ በነርሲንግ ላይኖረው ይችላል። ይህን ከኮሌጁ ማስታወቂያ ሳይሆን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። ሁለተኛ፣ በዚያ ዘርፍ ከተፈተኑት ተማሪዎቹ ስንቱ አለፉ? የሚመልስላችሁ ካጣችሁ ብሩን በኪሳችሁ አቆዩት።

የእጅ ሙያን አንናቅ

በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ተፈትነው ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። እንግዲህ የቀረው ልጅ ሁሉ ወደቀ ብለን እንቅበረው? የአቅም ማሻሻያ (ሪሜዲያል) ትምህርት ለሚደርሰው እርሱ አንድ በር ነው። ሌላው በር የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። ኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የአውቶ መካኒክ፣ በሙያው ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ ከያዘ ከአንድ ቀጣሪ ደጅ ላይ አይቀመጥም። ኢማም አል-ገዛሊ እርሻን፣ ሽመናንና ልብስ ስፌትን እንኳ ከፈርድ ኪፋያ መቁጠራቸውን ስናስታውስ «ልጄ መካኒክ ሆነ» ብሎ ማፈር ከየት እንደመጣ ራሳችንን እንጠይቅ።

ስለ ሴት ልጆቻችንም እንዲሁ። ሚስቶቻችንና እናቶቻችን ሲታመሙ ሴት ሐኪም እንፈልጋለን፤ ልጃችን ሕክምና ልማር ስትል ግን «ይረዝምብሻል፣ ይርቅብሻል» እንላለን። የምትሄድበትን ግቢ፣ የምታድርበትን ሁኔታ አጣርቶ መላክ ይቻላል። ችሎታዋን ማስቀረት ግን ማኅበረሰቡን ማጉደል ነው።

ምክክርና ኢስቲኻራ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለባልደረቦቻቸው ኢስቲኻራን ለጉዳዮቻቸው ሁሉ ያስተምሯቸው ነበር። ኢስቲኻራ ግን ከመጠየቅና ከማጣራት አያሳርፍም። በዘርፉ የሚሠራ ሰው ፈልጉ፤ የቀን ውሎውን፣ ሥራ ለማግኘት የፈጀበትን ጊዜ፣ ዛሬ ቢጀምር ምን እንደሚመርጥ ጠይቁት። የልጁንም ቃል ስሙ፤ አምስቱን ዓመት የሚያጠናው፣ ሠላሳውን ዓመት የሚሠራው እርሱ ነውና። ከዚያ ሁለት ረከዓ ሰግዶ አላህን ይለምን፤ ከወሰነም በኋላ ይትጋ። ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

አላህ ልጆቻችንን ለራሳቸውም ለወገናቸውም የሚጠቅም ዕውቀት ይለግሳቸው። የደከሙላቸውን ወላጆችና በስደት ያሉ እህቶቻችንን ድካም ፍሬ ያሳያቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።